ቦይለር፣ ኢንስታንት ወይስ ሶላር? ለጎጃም ቤት የውሃ ማሞቂያ ስንመርጥ

ባሕር ዳር ላይ ደህና የሚያሞቅ ኢንስታንት ሻወር (ውሃውን ሳያጠራቅም፣ እያለፈ ሳለ የሚያሞቀው) ደብረ ማርቆስ ላይ ሲገጠም ለብ ያለ ውሃ ብቻ ይሰጣል። ዕቃው ያው ነው። የገጠመው ሰውም አላጠፋም። የሚለየው ወደ ማሞቂያው የሚገባው ውሃ ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ፍኖተ ሰላም ከእሷ ትንሽ ከፍ ትላለች። ቡሬና ዳንግላ 2,000 ሜትርን ያልፋሉ። ደብረ ማርቆስ 2,400 አካባቢ ላይ ስትሆን እንጅባራ ደግሞ ከእሷም ትብሳለች። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ሮቶ ውስጥ ያደረው ውሃም እንዲሁ። ባሕር ዳር ጠዋት ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 15 ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። አምስት ዲግሪ ስትሉት ትንሽ ይመስላል። ልብሱን አውልቆ ሻወር ሥር ለቆመ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ቤታችሁ ሦስት ነገር እወቁ። ወደ ማሞቂያው የሚገባው ውሃ ምን ያህል ይቀዘቅዛል? የቤቱ ሽቦ ምን ያህል ጉልበት ይችላል? ውሃና መብራትስ በስንት ሰዓት ይመጣሉ፣ በስንት ሰዓት ይሄዳሉ? እነዚህን ካወቃችሁ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄዷል። የዕቃው ማርካ የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

የአንድ ሰው ገላ ስንት ይፈጃል?

ሁሉንም ነገር የሚፈታ አንድ ቁጥር አለ። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ዕቃው ውድ ሆነ ርካሽ፣ የጣሊያን ሆነ የቻይና፣ ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም።

አንድ ሰው ሻወር ሲወስድ 40 ሊትር ይጠቀማል እንበል። ለገላ የሚስማማው ውሃ 38 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው 15 ዲግሪ ሆኖ ከገባ 23 ዲግሪ መጨመር አለበት። 40 በ23፣ ያንን ደግሞ በ1.16 ስታባዙት 1,067 ዋት ሰዓት ይመጣል። በአጭሩ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቆጣሪያችሁ ላይ አንድ ቁጥር ከፍ አለ ማለት ነው።

«ኢንስታንት መብራት ይጨርሳል» የሚሉ አሉ። «ቦይለር ነው የሚጨርሰው» የሚሉም አሉ። ለዚያው ገላ፣ ለዚያው 40 ሊትር፣ ሁለቱም የሚወስዱት ያንኑ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ቦይለር ቀስ ብሎ፣ ከሰዓት በላይ ወስዶ ያሞቀውን ኢንስታንት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ልጨርስ ይላል። ያንን ሁሉ ጉልበት በአንዴ ከሽቦው ይስባል። ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኢንስታንት ደጋ ላይ ለምን ይዳከማል

ብዙ ጊዜ የሚሸጡት ኢንስታንቶች ከ3,500 እስከ 5,500 ዋት ያላቸው ናቸው። ጠንካራውን፣ 5,500ውን እንውሰድ። ውሃው በደቂቃ 4 ሊትር ቢወርድ ዕቃው 20 ዲግሪ ገደማ ይጨምርበታል። ባሕር ዳር 20 ሆኖ የገባው 40 ሆኖ ይወጣል። ግሩም ነው። ደብረ ማርቆስ 15 ሆኖ የገባው 35 ይሆናል። ይታጠቡታል፣ ግን ያንዘፈዝፋል። በ3,500ው ከሆነማ 27 ወይም 28 ዲግሪ ላይ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ለደጋ ጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

ይህ እንግዲህ መብራቱ ሙሉ 220 ቮልት ሆኖ ከመጣ ነው። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ መብራት ሲያበራና ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቮልቴጅ በትንሹ ሲወርድ የማሞቂያው ጉልበት በብዙ ይወርዳል። ከ220 ወደ 190 ሲወርድ ቅናሹ 14 በመቶ ገደማ ነው፤ የማሞቂያው ጉልበት ግን 25 በመቶ ያህል ይጠፋል። 5,500 ዋት የተባለው ዕቃ 4,100 ዋት ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ላይ የሚወጣው ውሃ ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል። «አዲስ ዕቃ ነው የገዛነው፣ ማታ ማታ ለምን አያሞቅም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ጎጃም የጢስ ዓባይና የበለስ ማመንጫዎች ጎረቤት ነው። በለስ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ማመንጫው ቅርብ ስለሆነ ግን የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር አይሰፋም። ቤታችሁ የሚደርሰውን ቮልቴጅ የሚወስኑት ትራንስፎርመሩ፣ ከእሱ እስከ እናንተ ያለው የሽቦ ርዝመትና በዚያው መስመር ላይ ያሉት ቤቶች ብዛት ናቸው። ኤሌክትሪሺያን ስትጠሩ በመለኪያው ቮልቴጁን እንዲያይላችሁ ጠይቁት። ከሰዓት በኋላ ብቻ ሳይሆን ማታ 1 ሰዓት ላይም ይለካላችሁ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

«ታዲያ ውሃውን ቀነስ አድርገን ብንከፍተውስ?» ትሉ ይሆናል። በደቂቃ 3 ሊትር ቢወርድ በእርግጥ ይሞቃል። ግን ኢንስታንቱ የሚበራው ውሃው በገፋው ጊዜ ነው። ሮቶአችሁ ጣሪያው ላይ ወይም ዝቅ ያለ ማማ ላይ ከሆነ ግፊቱ ድሮውንም ደካማ ነው፤ አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት አንድ አሥረኛ ባር ብቻ ነው። ቧንቧውን ስታጠቡት ዕቃው ጭራሽ ይጠፋል። ሳሙና የተቀባ ሰው ላይ ቀዝቃዛው ይለቀቅበታል።

ሌላው ምጣዱ ነው። 5,500 ዋት በ220 ሲካፈል 25 አምፔር ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ፣ 16 አምፔር ይስባል። እናት እንጀራ እየጋገረች ልጅ ሻወር ቢገባ በአንድ ጊዜ ከ40 አምፔር በላይ ተጠየቀ ማለት ነው። የታደለ ቤት ከሆነ ብሬከሩ ይወርዳል፣ እንጀራውም ምጣዱ ላይ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ያልታደለ ቤት ከሆነ ብሬከሩ በትልቅ ተቀይሯል፤ ሽቦው ግን አልተቀየረም። ያኔ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳት ይነሳል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ብሬከሩ ደጋግሞ ከወረደ የሚያስጠነቅቃችሁ ስለ ሽቦው ነው።

ኢንስታንት የሚገጠም ከሆነ ከብሬከሩ ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። ለሶኬት የተዘረጋው 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ አይበቃውም። ቢያንስ 4፣ ርቀቱ ረዘም ካለ ደግሞ 6 ሚሊሜትር ካሬ ይሁን። የመሬት መስመር የግድ ነው። ውሃና መብራት ከጭንቅላታችሁ በላይ በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ የሚገናኙበት ዕቃ ነውና፣ የመሬት መስመር በሌለው ቤት ኢንስታንት መግጠም ሰው ላይ መፍረድ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ መሣሪያም ይጨመርበት።

እኔ ብጠየቅ ባሕር ዳርና መሰል ሞቅ ያሉ ከተሞች ላይ፣ ሽቦው ለተስተካከለለትና አንድ ወይም ሁለት ሰው ለሚኖርበት ቤት ኢንስታንት ይሆናል እላለሁ። ከደብረ ማርቆስ እስከ እንጅባራ ባለው ደጋ ላይ ግን አልመክረውም።

ቦይለር፦ ቀርፋፋው ግን ታማኙ

ቦይለር ውሃውን አጠራቅሞ ያሞቃል። 1,500 ዋት ያለው ከ7 አምፔር አይበልጥም፤ ያ ከአንድ ካውያ ብዙ አይርቅም። ደህና የተዘረጋ 2.5 ሽቦ ይችለዋል። ቮልቴጁ ቢወርድ እንኳ ይዘገያል እንጂ ውሃው ለብ ብሎ አይቀርም። 50 ሊትሩን ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በሙሉ ቮልቴጅ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ፣ በ190 ቮልት ሁለት ሰዓት ከሃያ ይፈጅበታል። መጨረሻ ላይ ግን 60 ዲግሪ ይደርሳል። ለደጋው ጎጃም የምወድለት ጠባዩ ይኸ ነው።

የስንት ሊትር ልግዛ? 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እንዳለ ለገላ አይሆንም፤ በቀዝቃዛ ይበረዛል። ለአንድ ሰው 40 ሊትር የሚሆን ውሃ ለማግኘት 20 ሊትር ሙቅ ከ20 ሊትር ቀዝቃዛ ጋር ትቀላቅላላችሁ። ስለዚህ 50 ሊትር ቦይለር ሁለት ሰው በደንብ፣ ሦስተኛውን በቁጠባ ያጥባል። 80 ሊትር ለአራት ሰው ይደርሳል። 30 ሊትር ለአንድ ሰውና ለወጥ ቤት ነው። ቤት ውስጥ አራስ ካለች ወይም በዕድሜ የገፉ ወላጆች ካሉ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። አራስ ቤት ሙቅ ውሃ ቀኑን ሙሉ ነው የሚፈለገው፤ ለእናቲቱም ለሕፃኑም ለጨርቁም። እንግዳ ሲመጣ እግር የሚታጠብበትንም ውሃ አትርሱ።

ሙቀቱን 60 ላይ አድርጉት። ከዚያ ዝቅ አድርጎ መተው ጥሩ አይደለም፤ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሳንባን የሚያጠቃ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል። በሌላ በኩል 60 ዲግሪ ውሃ የልጅ ቆዳ በሴኮንዶች ውስጥ ያቃጥላል። ሳፋ ውስጥ ሁልጊዜ ቀዝቃዛው ይቅደም፣ ሙቁ ከላይ ይጨመርበት።

«ቦይለሩን ሌት ተቀን ማብራት ይቆጥባል» የሚለውን አትስሙ። የቆመ ሙቅ ውሃ በግድግዳው በኩል ሙቀቱን ያጣል። መጠነኛ ቦይለር ቀኑን ሙሉ በርቶ ሲውል ለዚህ ብቻ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሊያባክን ይችላል። ያ የአንድ ሰው ገላ ነው። ከመታጠባችሁ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ አብሩ፣ ከዚያ አጥፉ። በደንብ የተሸፈነ ቦይለር ማታ ያሞቀውን ጠዋት ድረስ ያቆያል። መብራት ጠዋት ጠዋት ለሚጠፋበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማታ አሙቁ፣ ጠዋት ያለ መብራት ታጠቡ።

አሁን ወደ አንዲት ትንሽ ዕቃ እንሂድ። ቦይለሩ ሥር፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል፣ ትንሽ ማንሻ ያላት የነሐስ ቫልቭ አለች። ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ቦይለሩ ሲሞቅ ከእሷ ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። ሰው ይደነግጣል፤ ተበላሸ ብሎ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል። አንዳንዱ በላስቲክ አስሮ፣ አንዳንዱ እንጨት ወትፎ ያቆመዋል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ቤቱ ውስጥ ፈንጂ እየሠራ ነው። ውሃ ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ሲሄድ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ትርፍ ይኖረዋል። ያ ትርፍ መውጫ ይፈልጋል። የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ከጫፏ ቀጭን ጎማ አያይዛችሁ ወደ ማፍሰሻው ምሩት፣ በወር አንድ ጊዜ ማንሻዋን ከፍ አድርጋችሁ ውሃ መውጣቱን እዩ፤ በቃ። ቦይለሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞም መንጠባጠቡን ካልተወ ያኔ ቫልቭዋ ደክማለች፣ ቀይሯት።

ይህችው ቫልቭ ሁለተኛ ሥራ አላት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቧንቧው ሲደርቅ ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትይዘዋለች። እሷ ከሌለች ቦይለሩ ሳታውቁት ባዶ ይሆናል። ባዶውን ስታበሩት የውስጡ ማሞቂያ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ውሃ ከጠፋ በኋላ ሲመለስ መጀመሪያ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱ። ሳይቆራረጥ ሲወርድ ብቻ ማብሪያውን ጫኑ።

ቦይለሩ የት ይሰቀላል? 50 ሊትሩ ሲሞላ ከዕቃው ጋር ከ65 እስከ 70 ኪሎ ይመዝናል። 80 ሊትሩ 100 ኪሎን ይጠጋል። የብሎኬት ግድግዳ በጥሩ ብሎን ከታሰረ ይችለዋል። ጎጃም ውስጥ ግን ብዙ ቤት የእንጨትና ጭቃ ነው፤ ከውጭ በሲሚንቶ ስለተለሰነ ብሎኬት ይመስላል። ጭቃ ግድግዳ ላይ ቦይለር አይሰቀልም። ከወለሉ ተነስቶ የሚቆም የብረት ማቆሚያ አሠሩለት፤ ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራዋል።

ሲገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው ውስጡ በምን እንደተለበጠ ነው። ሁለተኛው ማግኒዚየም ዘንግ አለው ወይ የሚለው ነው። ዘንጉ በጋኑ ፋንታ ራሱ እየተበላ ጋኑን ከዝገት ያድናል። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ይፈተሻል፤ ካለቀ ይቀየራል። ዘንጉ አልቆ የተተወ ቦይለር ብዙ ሳይቆይ ከሥሩ ይፈሳል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ውሃ ካላችሁ ወይም ክረምት ላይ ቧንቧው የሚደፈርስ ከሆነ በየዓመቱ አስከፍታችሁ አሳጥቡት።

ሶላር፦ ብርዱና ፀሐዩ አብረው ሲመጡ

ጎጃም ለሶላር ውሃ ማሞቂያ የታደለ አገር ነው። ምክንያቱን ቆም ብላችሁ አስቡት። ደጋው ላይ ሌሊቱ አጥንት የሚሰብረው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ የሚታየው ያኔ ነው። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት የሚለውም በእነዚሁ ወራት ነው። ሙቅ ውሃ በጣም በሚያስፈልግበት ወቅት ፀሐዩ ሞልቷል።

በበጋ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የፀሐይ ጉልበት ያርፋል። ሁለት ካሬ ሜትር የሚሆን ማሞቂያ ከዚያ ግማሹን እንኳ ቢይዝ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ያ የአምስት ሰው ገላ ነው፤ ያለ ቆጣሪ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፀሐይ ያሞቀችው ውሃ ይቀልላልና ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ያለው ቀዝቃዛ ይከብዳልና ይወርዳል። ስለዚህ ጋኑ ከማሞቂያው በላይ ይቀመጣል። ፓምፕ የለው፣ ሞተር የለው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ጠፍጣፋ ነው፤ መስታወት የተገጠመለት ሳጥን ውስጥ የመዳብ ቧንቧ ተዘርግቶበታል። ሌላው የመስታወት ቱቦዎች ያሉት ቫኪዩም የሚባለው ነው። ለደጋው ጎጃም ቫኪዩሙን እመርጣለሁ። ጠፍጣፋው በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚያጣ ውርጭ ባለበት ቦታ ቀጫጭን ቧንቧዎቹ ሊቀዘቅዙና ሊፈነዱ ይችላሉ። ባሕር ዳር ይህ ስጋት ስለሌለ ጠፍጣፋውም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ይበልጥ ጠንካራ ነው።

ቫኪዩሙ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ይጠላል። ደርቆ ፀሐይ ላይ ከዋለ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባበት ቱቦው ይሰነጠቃል። የባዶ ቱቦ ውስጥ ሙቀት ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትን ከተማ አስቡት። ሦስት ቀን ውሃ ጠፋ፣ ሮቶው ተሟጠጠ፣ የሶላሩም ጋን ባዶ ሆነ። በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ውሃው መጣ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሶላሩ ገባ። ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ይፈነዳሉ። በብዙዎቹ ርካሽ ሶላሮች ላይ አንድ ቱቦ ብቻ ቢሰበር እንኳ የጋኑ ውሃ በዚያ ቀዳዳ ይፈስሳል። መከላከያው ቀላል ነው። ወደ ሶላሩ በሚሄደው መስመር ላይ የራሱ መዝጊያ አስገጥሙ። ውሃ መጥፋቱ እንደረዘመ ካያችሁ ዝጉት። ከዚያ ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ ወይም ማታ ቱቦው ከበረደ በኋላ ብቻ ሙሉት። እኩለ ቀን ላይ መሙላት የግድ ከሆነ ቱቦዎቹን በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ እስኪበርዱ ጠብቁ።

ጋኑ ላይ ቀና ብሎ የሚታይ የአየር መውጫ ቧንቧም አለ። አትድፈኑት። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥር ላይ ሁለት ሦስት ቀን ሳትታጠቡበት ከከረመ ጋኑ ውስጥ ያለው ውሃ እዚያ ሊደርስ ይችላል፤ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። ከሶላር የሚወርደውን ውሃ ሳይሞክሩ ልጅን ማጠብ አይገባም የምለውም ለዚህ ነው።

ሐምሌና ነሐሴስ? እውነቱን እንነጋገር። ጮቄ ተራራ ዙሪያ ደመናው ቀናት ሙሉ አይገለጥም። ሶላሩ ያኔ ለብ ያለ ውሃ ይሰጣል፣ አንዳንድ ቀን ያንንም አይሰጥም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚገባበት ቀዳዳ ያለውን ጋን ግዙ። 1,500 ዋት ይበቃዋል። በበጋ አታበሩትም፤ በክረምት ግን ሶላሩ የጀመረውን እሱ ይጨርሰዋል። በረዶውን በተመለከተ ወፍራሞቹ ቱቦዎች የተለመደውን በረዶ ይችላሉ። ሁለት ትርፍ ቱቦ ቤት ማስቀመጥ ግን ብልህነት ነው።

አቀማመጡ ወደ ደቡብ ይሁን። ጎጃም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 እና 11 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በበጋ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ዘንበል ማለቱ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይበቃል። በደቡብ በኩል የጎረቤት ባሕር ዛፍ ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ጥላው የት እንደሚያርፍ ውጡና እዩ። ባሕር ዛፍ በየዓመቱ ያድጋል፤ ዘንድሮ ያልደረሰ ጥላ ለከርሞ ይደርሳል።

ክብደቱም አለ። 150 ሊትር ያለው ሲሞላ ከነማቆሚያው 200 ኪሎ ይደርሳል። የባሕር ዛፍ ማገር ላይ የተመታ ቆርቆሮ ይህን አይሸከምም። ሰርቪስ ቤቱ ጣሪያው ኮንክሪት ከሆነ እዚያ ይቀመጥ። ካልሆነ ሮቶው የቆመበት ማማ ይስፋ። አስታውሱ፣ ሮቶው ከሶላሩ ጋን ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ ውሃው ወደ ጋኑ አይገባም።

ዋጋው ያስደነግጣል፤ ከቦይለር ጋር አይወዳደርም። ሒሳቡን በራሳችሁ ሥሩት። አራት ሰው በየቀኑ የሚታጠብበት ቤት በቦይለር በወር ከ120 እስከ 150 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የመብራት ታሪፍ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ዋጋ የሚጨምር ስለሆነ ይህ ጭማሪ ውድ በሆነው እርከን ላይ ሊያርፍ ይችላል። ደረሰኛችሁን አውጡና የመጨረሻውን እርከን ዋጋ እዩ። ከዓመቱ አራት ዝናባማ ወራትን ቀንሱ፤ በቀሩት ስምንት ወራት የምታተርፉትን አስሉ። የሶላሩና የቦይለሩን ዋጋ ልዩነት በዚያ አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር በስንት ዓመት እንደሚመለስ ይነግራችኋል። ሰው የበዛበት ቤትና የእንግዳ ማረፊያ ቶሎ ይመልሳል። ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ቤት ዓመታት ይፈጅበታል።

ከሰልና ጋዝ

አሁንም አብዛኛው የጎጃም ቤት ውሃ የሚያሞቀው በእሳት ነው። አዊ ውስጥ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል እያከሰለ ይሸጣል፤ ከሰሉም እንጨቱም ቅርብ ነው። 20 ሊትር ውሃ በሦስት ጉልቻ ለማሞቅ ሁለት ኪሎ ያህል ደረቅ እንጨት ይሄዳል፤ ጭሱ ደግሞ ለእናቶች ዓይንና ሳንባ ነው። የተሻሻለ ምድጃ ይህን በጣም ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን ለምኜ እናገራለሁ። ለሙቀት ብላችሁ የተቀጣጠለ ከሰል የተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አታስገቡ። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ይገድላል። ከአራስ ቤትም አርቁት። የጋዝ ማሞቂያም ያው አደጋ አለው፤ ከገጠማችሁት ጭስ ማውጫ ይኑረው ወይም ከቤት ውጭ ይሁን። ሲሊንደሩን ሁልጊዜ ማግኘትም ቀላል አይደለምና እኔ የመጀመሪያ ምርጫ አላደርገውም። ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ደግሞ የምትጠቀሙ ከሆነ ከሶኬቱ ሳትነቅሉ ውሃውን በእጃችሁ አትሞክሩ። በዚህ ብዙ ሰው ተይዟል።

እንግዲህ የቱን?

ተከራይ ከሆናችሁ ባለ 30 ወይም ባለ 50 ሊትር ቦይለር ግዙ፤ ስትወጡ ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ። ከመግጠማችሁ በፊት ከአከራዩ ጋር ስለ ግድግዳውና ስለ ቆጣሪው ተነጋገሩ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የመብራቱ ሒሳብ እንዴት እንደሚከፈል ከመጀመሪያው ይወሰን። በዚህ ጉዳይ ስንት ጎረቤት ተቀያይሟል።

ደጋው ላይ የራሱ ቤት ያለው፣ አራት አምስት ቤተሰብ ያስተዳደረ ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደ 150 ሊትር ቫኪዩም ሶላር ከኤሌክትሪክ ማገዣ ጋር ያስገጥም። አቅሙ ዘንድሮ ካልፈቀደ 80 ሊትር ቦይለር ይግዛ፤ ግን ቤቱ ገና እየተሠራ ከሆነ አሁኑኑ ከጣሪያ እስከ መታጠቢያ ቤት የሚወርድ የሙቅ ውሃ መስመር ይዘርጋ። ቧንቧው ፒፒአር፣ ለሙቅ ውሃ የተሠራው ዓይነት ይሁን። ለቀዝቃዛ ውሃ የታሰበው ፒቪሲ በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል፣ መገጣጠሚያው ላይ ይከፈታል። ግድግዳ ሳይለሰን የሚዘረጋ ቧንቧ ርካሽ ነው፤ ተለስኖ ሴራሚክ ከተለጠፈበት በኋላ ግን መስበር ነው።

ቧንቧውም አጭር ይሁን። ማሞቂያው ከሻወሩ 15 ሜትር ከራቀ ሙቁ እስኪደርስ ድረስ ቀዝቃዛውን ታፈሳላችሁ፤ ከታጠባችሁ በኋላ ደግሞ ቧንቧ ውስጥ የቀረው ሙቅ ውሃ ይበርዳል። ቤት ውጭ የሚያልፈውን ቧንቧ በስፖንጅ መሸፈኛ አልብሱት።

የመግጠሚያው ዕለት ሠራተኞቹ ከመሄዳቸው በፊት አብራችሁ ቁሙ። ኤሌክትሪሺያኑ የመሬት መስመሩን ከፍቶ ያሳያችሁ፤ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ቦይለሩ ላይ መታሰሩን ብቻ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ከተቀበረው ዘንግ ጋር መገናኘቱን እዩ። ቧንቧ ሠራተኛው ሴፍቲ ቫልቭዋን ከፍ አድርጎ ውሃ ያስወጣ። ከዚያ ማሞቂያው በርቶ ሁለት ሰዓት ይቆይ፣ መገጣጠሚያዎቹ ሲሞቁ እንዳያፈሱ በደረቅ ሶፍት እየነካችሁ ፈትሹ። ቀሪ ክፍያው ከዚህ በኋላ ይሰጣቸው።